የሦስተኛው ዘፈን አዝማች

እሑድ ጠዋት ኢሳያስ እንደ ወትሮው ልብስ ሊያጥብ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር በነበሩበት ፎቅ እሑድ ዕለት ማጠቢያ ማሽን የሚደርሰው ማልዶ ለተነሣ ሰው ብቻ ነው። የታጠበውን በቅርጫት ተሸክሞ ሲመለስ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ በሩ ላይ ቆመና «ቤቶች!» አለ።

«ማነው?» አለች ሚስቱ ሰሎሜ ከወጥ ቤት።

«የእግዜር እንግዳ።»

«እንግዳ ከሆንክ ግባና ካልሲ አጣጥፍ። እዚህ ቤት ዝም ብሎ የሚበላ እንግዳ የለም።»

ገብቶ ካልሲ አጣጠፈ። ሻይ በዳቦ ከበላ በኋላ ክራሩን ከግድግዳ አውርዶ ክሮቹን በጨርቅ ወለወለ። ስልኩ ጮኸ። የደወለችው በአሜሪካ ደቡብ ካለች አንዲት ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ የሙዚቃ አስተማሪ የሆነች ሴት ነበረች። ኢሳያስ እንግሊዝኛው ባይቀናውም ብዙ አወራት፤ ስልኩን ሲዘጋ ይስቅ ነበር።

«ምን አለችህ?»

«ማታ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ለደሬ ልንገረው።»

«ሚስትህ ማን ናት? እኔ ነኝ ደረጄ?»

«አንቺማ ማታም አለሽ» አላት። ኮቱን ለበሰ፣ ክራሩን አነገተ፣ ወጣ።

ማታ አልተመለሰም። ክራር የሚመታበት ባንድ ካሴት ከሚቀርጽበት የኢስት ዮርክ ስቱዲዮ ጓሮ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ በብርድ ደርቆ ተገኘ። እንደ ፈረንጅ 1996 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ ያን ሰሞን ብርዱ ከቤት የወጣን ሰው ዐይን ያስለቅስ ነበር።

ጠጂቱ አዲስ አበባ ሳለች ወንጀል ምርመራ ክፍል ሠርታለች። ቶሮንቶ ከመጣች በኋላ የግል መርማሪነት ፈቃድ አውጥታ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ቢሮ ከፈተች። አብዛኛው ሥራዋ የኢንሹራንስ ነው። ወገቤን ታመምኩ ብሎ ካሣ የሚበላ ሰው ኳስ ሲጫወት ፎቶ ታነሣዋለች። ስለዚህ ያገሯ ሰው ሲያገኛት ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላታል፤ የሚወዳት ግን ጥቂት ነው።

ሰሎሜ ያስጠራቻት በቀብሩ ማግስት ነው። ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። ከሁሉ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያለቅሰው የባንዱ መሪ ደረጄ ነበር። «በሱዳን በረሃ ሌሊት ስንንቀጠቀጥ ጋቢውን ያለበሰኝ ወንድሜ!» እያለ ደረቱን ሲመታ ሰው ሁሉ አብሮት ተላቀሰ። ሰሎሜ ጠጂቱን ወደ መኝታ ክፍል ይዛት ገባችና በሩን ዘጋች። ዐይኗ ደረቅ ነበር።

«ፖሊሱ በረዶ አዳልጦት ወደቀ፣ ራሱን ስቶ በዚያው አሸለበ፣ ምንም አልተሰማውም አለኝ» አለች። «ሲገንዙት እጁን አየሁት። የወደቀ ሰው የሁለት እጁ ጣት ሁሉ ይላጣል፣ እትዬ?»

ጠጂቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ገዳይ ይፈልጉልኝ አላልኩም። በሩን አንኳኩቶ እንደሆነ ነው ማወቅ የምፈልገው። አንኳኩቶ ከሆነስ የሰማው ሰው አለ?»

«ብታውቂውም አያሳርፍሽም።»

«ማረፉ ይቅርብኝ። ልወቀው።»

በማግስቱ ጠጂቱን ወደ ስቱዲዮው የወሰዳት ድራም መቺው አቢይ ነበር፤ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። ስቱዲዮው የአንድ አሮጌ ፋብሪካ ምድር ቤት ነው። ከመጸዳጃው አጠገብ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በአንድ ወገን ኮት መስቀያ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ጓሮ የሚያወጣ የብረት በር። ጓሮው በሦስት ወገን ግንብ ነው፤ በአራተኛው ባለቤቱ በሰንሰለት የቆለፈው ረጅም የሽቦ አጥር። እሑድ በአካባቢው ዝር የሚል ሰው የለም።

«ሁላችንም የምናጨሰው እዚህ ነው» አለ አቢይ። «በሩ ከውጭ እጀታ የለውም። ይቺን ጡብ እናስገባና ገርበብ እናደርገዋለን። ኢሳያስ ደግሞ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ኮት አይለብስም።»

«ያን ቀን ጡቧ የት ነበረች?»

«ጨርሰን ዕቃችንን ፓክ ስናደርግ ላጭስ ብዬ መጣሁ። በሩ ሎክ ሆኗል። ጡቧ እዚህ፣ ከተሰቀለው ኮቱ ሥር ነበረች።»

«ከውስጥ?»

«ከውስጥ። ኮቱን ሳየው ሰውዬው የት ሄዶ ነው አልኩ። በሩን ልከፍት ስል ከበደኝ። የተከመረ በረዶ መስሎኝ በትከሻዬ ገፋሁት።» በሩን በእጁ ነካ። «ተደግፎት ነበር፣ እትዬ። እኔ በረዶ መስሎኝ ነው የገፋሁት።»

ጠጂቱ ጡቧን አንሥታ አየችና መልሳ አስቀመጠቻት። ከዚያ «ባለፈው ሳምንት ከኢሳያስ ጋር ተደባድባችኋል አሉ» አለችው።

«ተሰዳደብን እንጂ! ድራምህ የጭነት መኪና ነው አለኝ፤ ያንተ ክራር ደግሞ ትንኝ ናት አልኩት። ከዚያ ቢራ ጋበዘኝ። ከእሱ ጋር ሰው እንዴት ይጣላል?»

«አሜሪካ ደቡብ ሄዳችሁ ልትጫወቱ ነበር አሉ። ስለ ጉዞው ምን ታውቃለህ?»

«ደሬ ባንዱ በሙሉ ኢንቫይት ተደርጓል ብሎን ነበር። ኢሳያስ ያን ቀን ሲገባ ‹ሴትዮዋ ራሷ ደወለችልኝ፤ የምትፈልገው ክራሩን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከቀረጻ በኋላ አጫውታችኋለሁ› አለ። ጥርስ በጥርስ ሆኖ ነበር። ደሬም እንኳን ደስ ያለህ ብሎ አቀፈው።»

«በሩን የመዝጋት ልማድ ያለው ማነው?»

አቢይ አመነታ። «ውቢት ናት። ብርድ ጉሮሮዬን ያዘው እያለች ሁልጊዜ ዝጉት፣ ዝጉት ትላለች።»

ድምፃዊቷ ውቢት ኖርዝ ዮርክ ውስጥ በአንድ የልብስ መደብር ትሠራለች። ጠጂቱ በምሳ ሰዓቷ አገኘቻት። ውቢት በቅርቡ ከአንድ የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቅላለች።

«ይህ ካሴት የመጨረሻዬ ነው ብያቸው ነበር» አለች። «ደረጄ አኮረፈ። ኢሳያስ ግን ያበሽቀኝ ጀመር። ‹ንጉሥ ዳዊት ድራም መሰለሽ የደረደረው? ክራሩን ይዤ እከተልሻለሁ› ይለኛል።»

«ከሦስተኛው ዘፈን ቀረጻ በፊት ወደ መተላለፊያው የወጣሽው አንቺ ነሽ።»

ውቢት የያዘችውን ሳንድዊች አስቀመጠች። «አዎ። መጸዳጃ ቤት ሄጄ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ብርዱ ይገባል። ልዘጋው አልኩና ጡቧን ሳይ ሰው አለ ብዬ ተውኩት። እትዬ ጠጂቱ፣ በጌታ ስም፣ አልነካሁትም።»

«ኢሳያስ ለምን ወጣ? ሦስተኛው ዘፈን የራሱ ዜማ አይደለም እንዴ?»

«የራሱ ነው! የሚጀምረውም በክራር ነበር። በባቲ ቃኝቶ ጨርሷል። ደረጄ ‹ክራሩን በኋላ ለብቻው እናስገባዋለን፤ አንተ ወጥተህ አጭስ› አለው። ከዚያማ እኔን ገደለኝ። ሌላ ጊዜ አንዴ ከዘፈንኩለት ይበቃዋል፤ ያን ቀን ደግሚ፣ አሁንም ደግሚ። ‹ስሜት የለውም› ይለኛል። መነጽሩን ከኮቱ ሊያመጣ ሲነሣ ብቻ ነው የተነፈስኩት።»

«ከውጭ የሰማሽው ድምፅ አለ?»

«ምን ልሰማ? የጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ኪቦርዱ ይደነፋል። ቀንሱልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ጭራሽ ጨመሩብኝ።»

ጠጂቱ ሻይዋን ጨረሰችና «ሳንድዊችሽን ብዪ» ብላት ወጣች።

ደረጄን ያገኘችው ባንዱ በየሳምንቱ በሚጫወትበት የዳንፎርዝ ምግብ ቤት ነው። ወንበሮቹ ገና ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጡ ነበር። ኪቦርዱን እየነካካ ተነሥቶ ሁለት እጇን ጨበጣት።

«ለመታሰቢያው እየተዘጋጀሁ ነው። ይስሙልኝማ፣ እትዬ።» አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ከድምፅ ማጉያው የክራር ድምፅ ወጣ። «እዚህ ውስጥ አስገባሁት። ጣቱ እስኪጠዘጥዝ ሲቃኝ የሚውለውን ይኸው አንድ ቁልፍ ያወጣዋል።»

«ደቡብ ትሄዳላችሁ ማለት ነው?»

«ለእሱ ስል እሄዳለሁ። ቢቀር ነፍሱ ታዝንብኛለች።»

«ያን ቀን አንተ የት ተቀመጥክ?»

«ኪቦርዱ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ነው የሚሰካው። ድምፅ ቀራጩ ብሩስ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ካለሁበት ንቅንቅ አላልኩም።»

«ምንም አልሰማህም?»

ደረጄ ዐይኑን አበሰ። «ምነው በሰማሁ! ስሜን ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ግድግዳ ጥሼ እወጣ ነበር። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ‹ቤቶች› ነው የሚለው። በዚህ አገር ‹ቤቶች› ላለ ማን ይከፍታል?»

ጠጂቱ የእጅ ጓንቷን ቀስ ብላ አጠለቀች። ኢሳያስ ተጣርቷል ያላት ሰው እስካሁን አልነበረም።

ሲሸኛት ያልተጠናቀቀውን ካሴት ሰጣት። «ሦስተኛውን ይስሙት። ያስለቅሳል።»

ቢሮዋ ገብታ ሰማችው። አላለቀሰችም፤ ደጋግማ ግን ሰማችው። በሌሎቹ ዘፈኖች ውስጥ ውቢት ግጥሙን ጨርሳ መሣሪያ ብቻ ሲቀር፣ ማይኩ ክፍት ስለሚሆን ትንፋሿ ይሰማል፤ ጉሮሮዋን ስትጠርግም ይሰማል። በሦስተኛው ዘፈን ግን መሣሪያው ሲጀምር የሰው ትንፋሽ ድርግም ይላል። ክዳን ተከድኖበታል።

ጠጂቱ ኮቷን ለብሳ ወደ ስቱዲዮው ተመለሰች። ብሩስ ጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሁለት ስልክ ደወለች፤ አንዱ ወደ ደቡብ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሰሎሜ በጥቁር ነጠላ ተጠቅልላ ከውቢት አጠገብ ተቀመጠች። አቢይ ቆመ። ብሩስ ሚክሰሩ ላይ ነበር። ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ ባርኔጣውን እጁ ላይ ይዞ በሩን ተደግፏል። ደረጄ መጨረሻ ገባና ሰሎሜን ግንባሯን ሳማት።

«ብዙ አላስቀምጣችሁም» አለች ጠጂቱ። «ከጡቧ ልጀምር። በረዶ አዳልጧት ብትንሸራተት ውጭ ትቀር ነበር። አቢይ ያገኛት ግን ውስጥ፣ ከኮቱ ሥር ነው። ጡብ እግር የለውም። ወደ ውስጥ የሳባት ሰው አለ።»

«ውቢት በሩን መዝጋት ትወዳለች» አለ ደረጄ በለሆሳስ። «አውቃ አይደለም። ብርድ ስለምትፈራ…»

ውቢት እንደተመታች ቀና አለች።

«እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሷን ነበር» አለች ጠጂቱ። «ከቀረጻው በፊት ወደዚያ የሄደችው እሷ ናት። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ዘግታው እንደሆነ እንስማ። ውቢት የምትዘፍንበት ክፍል ድሮ ዕቃ ቤት ነበር። የአየር ማስወጫው የሚከፈተው ወደ ጓሮው ነው። ብሩስ ደግሞ ቴፕ አይደመስስም። ብሩስ፣ ሲጀመር የተቀረጸውን አሰማን።»

ብሩስ የውቢትን ማይክ ብቻ ለይቶ ከፈተ። ውቢት ዘፈነች፤ አቆመች። በዝምታው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ወንድ ልጅ ዜማውን ሲያንጎራጉር ተሰማ። እያጨሰ፣ እየተዝናና። ሰሎሜ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይሄኔ በሩ ክፍት ነው» አለች ጠጂቱ። «የተዘጋበት ሰው አያንጎራጉርም። ስለዚህ ውቢት አልዘጋችውም። ከዚህ በኋላ ከዘፈን ክፍሏ አልወጣችም፤ አቢይም ከድራሙ አልተነሣም፤ ብሩስ በመስታወት ያያቸዋል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀረጻ መካከል ወደ ኮት መስቀያው የሄደ ሰው አንድ ነው።»

«መነጽሩን ሊያመጣ» አለች ውቢት ቀስ ብላ።

«ለእኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም ብሎኛል። ብሩስ፣ ሁለተኛውን።»

ውቢት እንደገና ዘፈነች፤ እንደገና አቆመች። ብረት ተደበደበ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

«ቤቶች! … ኧረ ቤቶች!»

አቢይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠጂቱ ብሩስን ያን ቀን ስለሆነው እንዲናገር ጠየቀችው፤ ቃሉን ወደ አማርኛ መለሰችላቸው።

«በእናንተ ዘፈን ውስጥ ሁልጊዜ የሚጮህ ሰው አለ። ያንንም የዘፈኑ አካል ነው ብዬ አሰብኩ። ጥሩ ጩኸት ስለነበር ይቆይ ወይ ብዬ ደረጄን ጠየቅኩት። ‹አይ፣ አዝማቹ ነው፤ ተበላሽቷል። እዚያ ቦታ ላይ ማይኩን ዝጋው› አለኝ። ከማዳመጫውና ከካሴቱ ዘጋሁት እንጂ ዋናው ቴፕ ላይ መቀረጹን አላቆምኩም። ለዘፋኟም የኪቦርዱን ድምፅ ጨምርላት አለኝ።»

«እናም ደግሚ አላት» አለች ጠጂቱ። «በአንድ ቀረጻ የሚረካ ሰው እስኪመሽ አስደገማት። ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ የሚቀመጠው ቀረጻ ላይ ብቻ ነውና።»

ደረጄ ተነሣ። «አማርኛ የማያውቅ ፈረንጅ አምነው ሰው ይከሳሉ? ጩኸት መስሎኝ ነበር! ስሜን ጠርቶ ቢሆን…»

«ብሩስ፣ የመጨረሻውን» አለች ጠጂቱ።

የዚህኛው ዝምታ ይረዝማል። የሚደበደብ ነገር የለም። የሆነ ነገር በብረት ላይ ይፋተጋል። ከዚያ ሰካራም የሚመስል፣ ከንፈሩ የማይታዘዝለት ሰው ድምፅ፤

«ደሬ… ደሬዬ… በረደኝ እኮ።»

ከዚያ የውቢት ድምፅ ገባና ዘፈኑ ቀጠለ።

ብሩስ ቴፑን አቆመ። ጠጂቱ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ቀጠለች። «ደረጄ፣ የደቡቧን አስተማሪ አነጋገርኳት። ቀድሞ ባወጣችሁት ካሴት ላይ የሰፈረው ያንተ ስልክ ስለሆነ መጀመሪያ የደወለችው ላንተ ነው። ክራር መቺውን አገናኘኝ ብትልህ ዛሬ ነገ እያልክ ያዝክባት። ሌላ ሰው ጠይቃ ቁጥሩን ስታገኝ ያን ቀን ጠዋት ደወለችለት።»

«ክራር ብቻ አለች!» ደረጄ ጮኸ። «ኪቦርዱ ይቅር አለች! ባንዱን ያቋቋምኩት እኔ፣ ሥራ የማመጣው እኔ፣ ለስድስት ክር…»

«ኢሳያስ ምን እንደመለሰላት ታውቃለህ?»

ደረጄ መነጽሩን አወለቀ።

«‹ያለ ደረጄ አልመጣም፤ እሱ ካልመጣ ክራሩም አይመጣም› አላት። እሺ፣ ሁለታችሁም ኑ ብላ ተስማማች። ከቀረጻ በኋላ ሊያጫውታችሁ የነበረው ይህንን ነው።»

ደረጄ የተነሣበት ወንበር ኋላው ነበር፤ ሊቀመጥ ሲል ሳተውና በጉልበቱ ወረደ። ሊያነሣው እጁን የዘረጋ የለም።

ሰሎሜ ወደ እሱ ተጠጋች። «ሲጠራህ ምን እየመታህ ነበር?»

ደረጄ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ጠየቅኩህ እኮ፣ ደረጄ።»

«የእሱን ዜማ» አለ።

ሰሎሜ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ብሩስን በእጇ ምልክት ሰጠችው። «ድገምልኝ።»

«ይቅርብሽ፣ ልጄ» አለች ጠጂቱ።

«ውቢትን ስንት ጊዜ አስደግሟታል። እኔ አንዴ ብሰማው ምን አለበት?»

ብሩስ ቴፑን መልሶ አሰማት። ሌሎቹ ወደ ወለሉ አዩ፤ እሷ የድምፅ ማጉያውን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ኮቷን ለበሰች። ፖሊሱ ደረጄን ይዞት ወጣ። በፊት ለፊቱ በር ነው የወጡት።

ካሴቱ አልወጣም። ቴፑን ፖሊስ ወሰደው። ውቢት ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ትዘምራለች፤ በጆሮ ማዳመጫ ግን አትዘምርም። አቢይ ድራሙን ሸጠው። የደቡቧ አስተማሪ ክራሩን ለዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ብትጠይቅ ሰሎሜ አልሰጠቻትም። በባቲ እንደተቃኘ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

እሑድ እሑድ ሰሎሜ ማልዳ ትነሣለች። ልብሷን አጥባ በቅርጫት ተሸክማ ትወጣለች፤ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ትገባለች። የሚታጠፈው ካልሲ ጥቂት ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» የሚል የለም።